ሥራውንም ያዢ፣ መድበሉንም አውጪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የግራፊክስ ተመራቂ ነሽ። ከአራት ጓደኞችሽ ጋር በፐንክ ሙዚቃ (ጯሂና «ራስህ ሥራው» ባይ የሮክ ዓይነት) መንፈስ የአስፈሪ ታሪኮች ኮሚክ መድበል ልታወጡ ታስባላችሁ፤ አሳታሚ ግን የለም። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሊቀጥርሽ ፈልጓል። አባትሽ «ጋኔን እየሳልሽ ልትኖሪ ነው?» ብለውሻል። የቱን ልምረጥ ነው ያልሽኝ።

ሥራውን ያዢ፤ መድበሉንም አታቆዪው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ማርክ ፔሪ የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ ስለ ፐንክ መጽሔት ሲጀምር በልጆች ታይፕራይተር ተይቦ፣ ርዕሱን በማርከር ጽፎ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ነው ያወጣው። አሳታሚ አልጠበቀም።

ለእናንተም ስድስት ኪሎ ዙሪያ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይበቃሉ። አንድ ኤ4 ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋል። አምስታችሁ 6፣ 6 ገጽ ብትሠሩ 30 ነው፤ መግቢያና ማውጫ ሲጨመር 32፣ ማለትም 8 ወረቀትና ሽፋን። እርሳስ በፎቶ ኮፒ ስለሚደበዝዝ ጥላውን በጥቁር ቀለም ጭረት ሥሩት። ፊደሉንም አደራ! ኤ4 ላይ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ ኤ5፣ ማለትም ወደ ታጠፈው ገጽ ልክ፣ ሲያንስ 3.5 ገደማ ይሆናል፤ ያኔ ሸ እና ሽ ይምታታሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ጻፉ፣ ሥዕሉን በተረፈው ቦታ ሣሉ።

ከላክሽልኝ ናሙና ቫምፓየሩ አልያዘኝም። ጅቧ ግን! ተገድላ ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ የተገኘባት፣ ጎረቤት ጉትቻውን የሚያውቀው... እሷን አያቴ ስታወራ የሰማሁ ያህል ነው የፈራሁት። መድበሉን በእሷ ክፈቱት።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉ እንደተሠራ መብቱ የሠዓሊው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ተቀጥረሽ በሥራሽ የምትሠሪው ግን፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪሽ ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት «በግል ጊዜዬና በራሴ መሣሪያ የምሠራው የእኔ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባልሽ። የመድበሉን አንድም ገጽ በቢሮ ኮምፒውተር አትሥሪ። ከጓደኞችሽም ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይኑራችሁ፦ ወጪውን ማን ያወጣል፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ዋናው ሥዕል ማን ዘንድ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው የቀሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለአባትሽ አምስት ሰው አስተባብረሽ፣ በቀኑ ያስረከብሽውን መጽሐፍ ስጫቸው። ሲቪሽ ላይም «አርታኢ» ብለሽ ጻፊው፤ ሥራው ይኸው ነውና።

የቅጥር ውሉን ሳትፈርሚ አራት ኪሎ ቢሮዬ ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናንብበው። የጅቧንም ገጽ እንዳትረሺ።