ስላይዱ ይቆይ፤ ተማሪው የቱ ጋ ነው የተደናገረው?

ለመምህርነት የምትሰለጥኑ ወጣቶች፣

ስለ ስልክና ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አይደለም የምጽፈው። አዲስ አፕ ሲመጣ እኔው ራሴ የምጠይቀው እናንተን ነው። ግን መምህራንን በማሰልጠን ያረጀ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ። በቴክኖሎጂ መጎበዝና በቴክኖሎጂ ማስተማር ለየቅል ናቸው።

እጩ መምህሩ ስላይድ ሲያሳምር ያመሻል። በማግስቱ ፕሮጀክተሩን ይከፍትና ለተማሪዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ያነባል። ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። ይሄ እኮ ድሮ በጠመኔ የምናደርገው ነው፤ የአሁኑ መብራት ይፈልጋል እንጂ!

ሊ ሹልማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 መምህር ትምህርቱን ማወቁ ብቻ አይበቃም ብሎ ነበር። ተማሪ በዚያ ትምህርት የት የት ላይ እንደሚሳሳትም ማወቅ አለበት። ተመራማሪዎቹ ሚሽራና ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2006 ቴክኖሎጂን ጨመሩበትና ዛሬ ቲፓክ እያላችሁ የምትማሩት፣ የትምህርት ይዘትን፣ የማስተማር ዘዴንና ቴክኖሎጂን በሦስት ተደራራቢ ክቦች የሚያገናኘው ሐሳብ መጣ። ለፈተና ሦስቱን ክቦች መሳል ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ሲሆን ግን ምን ይመስላል?

ኤሌክትሪክን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ አምፖል ከረንቱን «ይበላዋል» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በተከታታይ ከተገጠሙ ሁለት አምፖሎች ሁለተኛው ደብዘዝ የሚል ይመስለዋል። ይህን ካወቃችሁ መሣሪያ መምረጥ አይከብዳችሁም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የተባለ የነፃ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ የማሳያ) ስብስብ አለ። እዚያ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች አስገጥሟቸው። ከማብራታችሁ በፊት ግን የትኛው ይበልጥ እንደሚደምቅ ግምታቸውን አስጽፉ። ከዚያ ሲበራ ኤሌክትሮኖቹ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም እኩል ሲጓዙ ያያሉ። ሳይገምቱ ካዩት ግን ፊልም ከማየት ብዙም አይለይም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም በዚሁ ዓይን እዩት። የትምህርት ዕቅድ በደቂቃ ይጽፍላችኋል፤ ክፍላችሁን ግን አያውቀውም። ይልቅ ተማሪዎች ሊሰጧቸው የሚችሉ የተሳሳቱ መልሶችን እንዲዘረዝር ጠይቁትና ልምምድ ስትወጡ ከእውነተኛ ተማሪ ጋር አመሳክሩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ማይክሮ ቲቺንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ለጥቂት ተማሪዎች አጭር ትምህርት ታስተምራላችሁ፣ ትታያላችሁ፣ አስተያየት ትሰማላችሁ፣ አስተካክላችሁ ትደግሙታላችሁ። ያኔ መቅረጫው ግዙፍና ውድ ነበር። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ግን ስንቶቻችሁ ስታስተምሩ ራሳችሁን ቀርጻችሁ አይታችኋል?

አስተማሪያችሁን ፈቃድ ጠይቁ፣ የተማሪዎቹም ፈቃድ ይኑር፤ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ ነገር አይደለም። ስልኩን ከኋላ አስቀምጡት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የት ትቆማላችሁ? ዓይናችሁ ወደየትኛው ጥግ ሄዶ አያውቅም? (የገዛ ድምፅን መስማት ያሳፍራል፤ ይለመዳል።) ከዚያ ድምፁን ክፈቱና ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቁ ቁጠሩ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አግኝታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ይህን ክፍተት እያስተማራችሁ ልብ አትሉትም፤ ቪዲዮው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቪዲዮውን ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር እዩት። «አሪፍ ነው» ብሎ ሊገላገላችሁ ከሞከረ አትልቀቁት። የትኛው ተማሪ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደጠፋበት እየጠቆመ ያሳያችሁ። ከዚያ ያቺኑ የትምህርቱን ክፍል እንደገና አስተምሯት።