ከእጅ የሚሻል ዶማ እንዴት ይመረጣል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በጓሮ ሥራ የብዙ ሰው ወገብ የሚጎዳው አፈሩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የያዘው መሣሪያ የማይረባ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ እህታችን አያት አካባቢ ከቤቷ ጀርባ 40 ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ አላት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ጥቂት ጽጌረዳ ልትተክል አስባለች። አፈሩ ጥቁር ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቷም አብረዋት ይሠራሉ። አንድ ሱቅ ውስጥ አሥር ዕቃ የያዘ የአትክልተኛ ስብስብ አይታ ወድዳዋለች። እሱን ልግዛ ወይስ ከመርካቶ አንድ በአንድ ልሰብስብ? የድሮው ዶማችንስ እጀታው እየወለቀ የሚያስቸግረን ለምንድነው? ትላለች።

ስብስቡን ተይው። ቀለሙ ያምራል፣ ሳጥኑም ያምራል። ግን እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ለሳክሲያ አፈር እንጂ ለመሬት የተሠሩ አይደሉም። ከቀጭን ላሜራ ተቆርጠው የታጠፉ ናቸው። የአያት መሬት ላይ ገፋ ስታደርጊያቸው አንገታቸው ይጣመማል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ለነሱ ነው። ገንዘብሽን ለሦስት ጥሩ ዕቃዎች አድርጊው፦ አንድ ዶማ፣ አንድ ባለ አራት ጥርስ ፎርክና አንድ የጽጌረዳ መቀስ። የቀረው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከመሣሪያው በፊት ግን አፈርሽን እወቂ። ከእንጦጦ ሥር ያለ ቀይ አፈርና ያንቺ ጥቁር ዋልካ አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው። በክረምት ሰፊ አካፋ ከሰደድሽበት እንደ ሊጥ ይለጠፍበታል። ያኔ አፈሩን ብቻ ሳይሆን የተለጠፈውንም ጭቃ አብረሽ ስታነሺ ትውያለሽ። በጥር ደግሞ ያው አካፋ መሬቱን መትቶ ይመለሳል። ፎርክ የምልሽ ስለዚህ ነው። በጥርሶቹ መሀል ክፍተት ስላለ ጭቃው የሚይዘው ቦታ ያጣል። ደረቁን ጓልም ፈልቅቆ ያፈርሰዋል። ስትገዢ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በእጅሽ ጠምዘዝ ለማድረግ ሞክሪ። በእጅ የሚንቀሳቀስ ጥርስ መሬት ውስጥ ይታጠፋል።

ዋልካ ለቁፋሮ የሚመችበት ሰሞን አጭር ነው። ዝናቡ ቆም ሲል፣ ከመስቀል ወዲህ ባለው ጊዜ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ መሬቱን ፈትሺው። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥተሽ ጨብጪው። በጣትሽ ስትነኪው ፍርክስ ካለ ቆፍሪ። ከተድቦለቦለና ጣትሽ ላይ ከቀረ ጠብቂ። ጭቃ ሳለ የተገለበጠ ዋልካ ሲደርቅ ጓል በጓል ይሆናል። ካሮት ደግሞ ጓል ሲገጥመው ሥሩ ለሁለት ለሦስት ይሰነጠቃል። ጥሩ መሣሪያ ይዘሽም ቢሆን በዚህ ሰሞን መቸኮል አያዋጣም።

ወደ ዶማው ልምጣ። ዶማ ስትገዢ መጀመሪያ የምታዪው ስለቱን ሳይሆን ቀለበቱን ነው፤ እጀታው የሚገባበትን ቀዳዳ ማለቴ ነው። ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። አንደኛው ከምላሱ፣ ማለትም መሬት ከሚቆፍረው ብረት ጋር አንድ ላይ ተቀጥቅጦ የወጣ ነው። ሌላው የቧንቧ ቁራጭ ምላሱ ላይ ተበይዶ የተሠራ ነው። የተቀጠቀጠውን ካገኘሽ እሱን ያዢ። የተበየደውን ብቻ ካገኘሽ ብየዳው ዙሪያውን ሞልቶ መሄዱን እይ። ጥቃቅን ቀዳዳ ወይም የተዘለለ ቦታ ካለበት አትግዢው። ዶማው ድንጋይ ሲመታ ኃይሉ የሚያርፈው እዚያች መጋጠሚያ ላይ ነው።

ከዚያ ጣትሽን ቀለበቱ ውስጥ አስገብተሽ ዳሺው። ጥሩ ቀለበት በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው በኩል ጠበብ ይላል። እጀታው በሰፊው በኩል ገብቶ ይሳብና ወፍራም ጫፉ እዚያ ይቀረቀራል። እንዲህ ሲሆን ዶማውን በሰነዘርሽ ቁጥር ብረቱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ እየተገፋ ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም። ያንቺ የድሮ ዶማ ቀለበቱ ዳርና ዳሩ እኩል ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ዓይነቱ ያለ ሽብልቅ አይቆምም።

ዶማ ሲላላ ብዙ ቤት የሚደረገው ባልዲ ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው። በማግስቱ ጠብቆ ስታዪው ደስ ይላል። ግን እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ መስፋፊያ ስለማይሰጠው ራሱን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይቀጥናል። ምስማር መምታትም እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የሚያዛልቀው ሌላ ነው። እጀታውን አውጪ። ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቂው፤ ስንጥቁ የቀለበቱን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይግባ። መልሰሽ ግጠሚው። ከዚያ ከደረቅ ወይራ የተጠረበ ሽብልቅ ስንጥቁ ውስጥ በመዶሻ አስገቢ። የተረፈውን ቁረጪው። በቃ።

የእጀታ እንጨት ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ወይራ ካገኘሽ አታመንቺ። ክትክታም ጠንካራ ነው፤ በገጠር ለእጀታ ይፈለጋል። ከተማ ውስጥ በብዛት ያለው ግን ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በራሱ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ጥሬውን ቆርጠው መግጠማቸው ነው። ጥሬ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ዶማው ይወልቃል። ስታነሺው ከመጠኑ በላይ ከከበደሽ ገና እርጥብ ነው። እጀታውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንሽ አቅንተሽ ቀጥ ማለቱን እይ። የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ይሁን። ቀለበቱ አጠገብ ጉጥ ካለበት ተይው፤ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

ቫርኒሽ ከተቀባ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ አውልቂለትና የተልባ ዘይት ቀቢው። ቫርኒሽ ላብ ስለማይመጥ እጅ ያንሸራትታል፣ መዳፍ ውሃ ያስቋጥራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሙቀት ፈጥሮ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ብረቱን በተመለከተ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደሽ ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ዶማ ጠይቂ። ባሌስትራ የመኪና ክብደት ተሸክሞ እንዲጎብጥና እንዲመለስ የተሠራ ብረት ነው። በባለሙያ እጅ ሲያልፍ ስለት ይይዛል። በእርግጥ ሻጩ ሁሉ ባሌስትራ ነው ሊልሽ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ሞረድ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና አስፈቅደሽ ጠርዙ ላይ አንዴ ግፊው። ሞረዱ በቀላሉ እየላጠ ከገባ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይደንዛል። ጨርሶ ሳይነካው ከተንሸራተተ ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል፤ ድንጋይ ሲነካው ይሸረፋል። ሞረዱ እየታገለ የሚነክሰውን ምረጪ። እጀታ ያልገባለትን ዶማ ደግሞ በገመድ አንጠልጥለሽ በሌላ ብረት ነካ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። የታፈነ ድምፅ ከሰማሽ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምወደው ነገር መጣሁ፤ ስለት ማውጣት። አዲስ ዶማ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ስለት ሳይወጣለት ነው። ብዙ ሰው ቢላዋ ይስላል፣ ዶማ ግን እንደሚሳል አያስብም። ከዚያ ወገቤን ይላል። ዶማውን የደረጃ ጠርዝ ወይም ግንድ ላይ አስተኝተሽ በእግርሽ እርገጪው፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ይውጣ። ጓንት አድርጊ፣ ጫማሽም የተሸፈነ ይሁን። ሞረዱን በሁለት እጅ ይዘሽ ወደ ፊት ግፊ። ስትመልሺው ከብረቱ ላይ አንሺው። ሞረድ የሚበላው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ እየፈተግሽ ከመለስሽው ጥርሱ ይሞታል። ውሃም ዘይትም አያስፈልገውም። በአንድ ጎን ብቻ፣ የነበረውን ተዳፋት ተከትለሽ ሞርጂ። መጀመሪያ ይንቀረቀራል። ጎዶሎው እየተስተካከለ ሲሄድ ድምፁ ይለሰልሳል። ከዳር እስከ ዳር አንድ የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር ይወጣል። ያኔ በሌላው ጎን ጣትሽን ከመሀል ወደ ጠርዙ ቀስ ብለሽ አንሸራቺው። ሻካራ ነገር ከነካሽ ስለቱ ወጥቷል ማለት ነው። ያንን ሻካራ በስሱ አንዴ ጠርገሽ አንሺው።

ጸጉር የሚላጭ ስለት አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ ከቀጠነ ጠጠር ይሸርፈዋል። ብየዳ ቤት ወስደሽ በግራይንደር አታስነኪው። ብረቱ ግሎ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ስትሞርጂው መኖርሽ ነው።

ስለት ያለው ዶማ ሲያዝ አያያዙም ይለወጣል። ከራስ በላይ ማንሳት ይቀራል። እስከ ወገብ አንስተሽ ክብደቱ ራሱ እንዲወድቅ ትተዪዋለሽ። አረም ስታርሚ ደግሞ መቆፈር የለብሽም፤ የላይኛውን አፈር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል መላጨት ይበቃል። የጎመን ሥር አብዛኛው ከላይ ስለሆነ በጥልቅ የኮተኮተ ሰው አረሙን ብቻ ሳይሆን ጎመኑንም ይጎዳል። በፀሐይ ሰዓት ላጭተሽ ተዪው፤ እዚያው ይጠወልጋል።

የጽጌረዳውን መቀስ ባጭሩ ልበል። ሁለቱ ምላጮች እንደ ተራ መቀስ የሚተላለፉትን ግዢ። አንደኛው ምላጭ ዝርግ ብረት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ለደረቅ እንጨት ነው፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ይጨፈልቃል፣ የተጨፈለቀ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ከጣት የወፈረ ቅርንጫፍ የመጋዝ ሥራ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ንጽሕናው ነው። መቀስና ቢላዋ በሽታ ያጋባል። ይህን በጉራጌና በሲዳማ እንሰት የሚያለሙ ሰዎች አሳምረው ያውቁታል። አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1968 እ.ኤ.አ. በአንድ የሳይንስ መጽሔት ተገልጿል። ከዋና መተላለፊያዎቹ አንዱ የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው። ገበሬዎች ምላጩን በእሳት ነበልባል እንዲያሳልፉ የሚመከሩት ለዚህ ነው። አንቺም የታመመ የሚመስል ተክል ከቆረጥሽ ወደሚቀጥለው ሳትሄጂ መቀሱን በአልኮል ጥረጊው። አልኮል ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይሠራል። በረኪና ብረት ስለሚበላ ስትጨርሺ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ዘይት ቅቢው።

ዘይት ስል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እሱን ይቀባል። ጽጌረዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልተከራከርኩ፤ የምትበሉትን ቆስጣ በሚነካ ዶማ ላይ ግን አይሆንም። የወጥ ቤት ዘይት ጠብታው ይበቃል። ሥራ ስትጨርሺ ጭቃውን በእንጨት ፋቂው፣ በጆንያ ቁራጭ ጥረጊው፣ ዘይት በነካ ጨርቅ አሳልፊው። ዕቃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይደር፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ እጀታ ከታች እርጥበት ይጠጣል።

ውሃ ማጠጫ አሁኑኑ ካልገዛሁ አትበዪ። የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ በስታችው ለችግኝ ጥሩ ያጠጣል።

ስለ እናትሽ። ለእሳቸው ከባድ ዶማ አይሆንም። ጠባብ ምላስ ያለው ቀላል መኮትኮቻ አስቀጥቅጪላቸው፤ እጀታው ቆመው ሲይዙት እስከ ብብታቸው የሚደርስ ይሁን። ከቤት ለክተሽ ከምትሄጂ ይልቅ ይዘሻቸው ብትሄጂ ይሻላል። ሱቁ ውስጥ እሳቸው ይያዙት፣ ጎንበስ ሳይሉ መሬት ይነካ እንደሆነ ይሞክሩት፣ መዳፋቸው ውስጥ መሙላቱን ይዩት። የድሮውን ዶማም አትጣይው፤ አብረሽ ይዘሽው ውረጂ። ቀለበቱ ደህና ከሆነ ቀጥቃጩ ምላሱን አግሎና አጥብቦ የእናትሽን መኮትኮቻ ከእሱ ሊያወጣልሽ ይችላል።