የፍሪሲዮንና የፓይለት ኩሽኔታ ቅየራ፦ ለባለመኪኖች፣ ለሾፌሮችና ለወጣት መካኒኮች የተሰጡ መልሶች

በተክለ ሃይማኖትና በሶማሌ ተራ አካባቢ በጭነት መኪና ጥገና ላይ ረዥም ዓመታት አሳልፌአለሁ። የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ስለሚያገናኘውና ስለሚለየው ፍሪሲዮን ቅየራ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ከዚህ በታች መልሻለሁ። አብዛኞቹ በማንዋል ካምቢዮ የሚሠሩ ቀላል የጭነት መኪኖችን፣ በተለይም አይሱዙን የሚመለከቱ ናቸው፤ የአሠራሩ መሠረት ግን በሌሎቹም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤን ፒ አር አይሱዙ እነዳለሁ። ጠዋት መርካቶ ቆሜ ጭነት ስጠብቅ ፍሪሲዮን ስረግጥ ከሥር የሚፋጭ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስለቀው ይጠፋል። አንዱ መካኒክ ካምቢዮው ነው አለኝ፣ ሌላው ኩሽኔታ ነው ይላል። ማንን ልመን?

ወንድሜ፣ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋልህ ሥራውን በግማሽ አቅልሎታል። እዚያ ቦታ ላይ የሚጠረጠሩት ሦስት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ሦስቱም የሚሠሩበት ጊዜ ስለሚለያይ ፔዳሉ ራሱ መመርመሪያ ይሆንልሃል። የመጀመሪያው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ይህ መኪናው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ሆኖ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ይዞራል፤ ስለዚህ ድምፁ ስትለቅ የሚመጣና ስትረግጥ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ካምቢዮውን የጠረጠረው መካኒክ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው የሪሊዝ ኩሽኔታ ሲሆን፣ እግርህን አሳርፈህ ፔዳሉን ገና በትንሹ ስትጫነው ፍሪሲዮኑን ጨምቆ የሚይዘውን የዲያፍራም ሞላ ጣቶች ነክቶ ጭነት ስለሚሸከም ካረጀ ወዲያው ይጮኻል። ሦስተኛው በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ወይም በእሱ ላይ በታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ በቮላኖው መሐል ተቀምጦ የመግቢያ ዘንጉን አፍንጫ የሚደግፈው ትንሹ ፓይለት ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ በተለቀቀ ጊዜ ቮላኖውና ዘንጉ እኩል ስለሚዞሩ ፓይለቱ ሥራ የለውም፤ ሥራው የሚጀምረው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነውም መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ፈጽሞ ይቆማል፣ ክራንክሻፍቱ ግን መዞሩን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሜዳ ላይ አቁመህ ፔዳሉን ቀስ እያልክ ተጫን። ድምፁ ገና ከመነሻው ከመጣ የሪሊዙ ነው። እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ብቻ ከመጣና ማርሽ ስታስገባ ከባሰ ደግሞ የፓይለቱ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ካምቢዮው ሳይወርድ አይደረስበትም።

ጥያቄ፦ መኪናው የእኔ ነው፤ የሚነዳልኝ ግን ሾፌር ነው። ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ ብሎኛል። እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም፤ ሳይከፈት ማረጋገጫ ይኖር ይሆን?

አለ፣ እመቤቴ። ሾፌሩ አብሮዎት እያለ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ከዚያም 4ኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠ፣ ፔዳሉን ሳይዘገይ ይልቀቀው። ደህና ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል፤ ሞተሩ እየጮኸ መሥራቱን ከቀጠለ በቮላኖው ላይ ተጭኖ መያዝ ያለበት የፍሪሲዮን ዲስክ እየተንሸራተተ ነውና ሾፌርዎ እውነቱን ነው። ይህን ፈተና ከአንድ ጊዜ በላይ አያስደግሙት፤ በራሱ የዲስኩን ሸራ (የሚፋተገውን ልባስ) ያቃጥላል። ሌላው ምልክት መንገድ ላይ የሚታየው ነው፤ ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ግን የማይጨምር ከሆነና የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሸራው አብቅቶለታል ማለት ነው።

ችግሩ ማርሽ አልገባ ማለቱ ብቻ ከሆነ ግን ካምቢዮ ለማስወረድ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያው መጉደሉን፣ የላይኛው ማስተርና የታችኛው ሲሊንደር ማንጠባጠባቸውን፣ በመስመሩ ውስጥ አየር መግባቱን ያስመርምሩ። ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በትንሽ ወጪ የሚያልቅ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ባለመኪና ሙሉ ፍሪሲዮን ሲገዛበት ማየቴ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ዲስኩን፣ ዲስኩን በቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌትና ሪሊዙን ገዛሁ። ፓይለቱ ግን በጣት ሲዞር ደህና ነው። ለምን እንድቀይረው ይገፋፉኛል?

እኔም አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ አስቤ ስለተጎዳሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ ስሠራ ፓይለቱን በአመልካች ጣቴ አዞርኩት፤ ምንም አልተንገጫገጨም፤ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። መኪናው በ3 ሳምንቱ ተመለሰ። ፔዳሉ ተረግጦም አንደኛና የኋላ ማርሽ እየጮኹ ነው የሚገቡት። ካምቢዮውን እንደገና አውርደን ስናይ የኩሽኔታው ግራሶ ደርቆ ወደ ጥቁር ቅርፊት ተለውጧል፣ ኩሽኔታው ዘንጉን ይዞ አብሮ ያዞር ነበር፤ የዘንጉ አፍንጫም ተልጦ ሰማያዊ ቀለም ይዟል። ሁለተኛውን የጉልበት ሥራ እኔ ቻልኩት፤ የባለመኪናው የቆመበት ቀን ግን የሚመለስ አልነበረም።

በጣት የሚዞር ኩሽኔታ ምንም ጭነት የለበትም፣ ሙቀትም አያውቅም። ሥራ ላይ ያለው ግን በፍሪሲዮኑ ግለት መሐል ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ግራሶው ከፋብሪካ የገባለት ብቻ ስለሆነ ከደረቀ የሚተካለት የለም። ዋጋው ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ያነሰ ነው፤ እሱን ለማግኘት የሚከፈለው ጉልበት ግን የሙሉ ፍሪሲዮን ጉልበት ያህል ነው። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ አዲስ ፓይለት ሳይገባ መመለስ የለበትም ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እየለመድኩ ነው። የፓይለት ማውጫ መሣሪያ የለንም፤ አለቃዬ በመሮ እየመታ ያወጣዋል። ሌላ መንገድ አለ?

ልጄ፣ መሮው የክራንክሻፍቱን ቀዳዳ ከጫረው አዲሱ ኩሽኔታ ተስተካክሎ አይቀመጥምና ከዚያ ራቅ። ከውስጥ ይዞ የሚስብ ማውጫ ቢገዛ በጥቂት ሥራ ዋጋውን ይመልሳል። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ከኩሽኔታው በስተጀርባ ባዶ ቦታ ካለ፣ በቀዳዳው በኩል ግራሶ እስኪሞላ ጠቅጥቀህ፣ ለቀዳዳው ልክክ የሚል ክብ ብረት አስገብተህ በመዶሻ ምታው። ግራሶው መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታውን ከኋላ ገፍቶ ያመጣዋል። በግራሶ ፋንታ እርጥብ ዳቦ የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱም ይሠራል፣ ለማጽዳትም ይቀላል። የምትመታበት ብረት ከላላ ግን ግራሶው ወደ ፊትህ ይረጫል፤ መነጽር አድርግ።

አሮጌውን ሳትጥል በቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገህ አንብብ። ለምሳሌ 6202 የሚል ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 15፣ የውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ነው፤ 6203 ከሆነ ደግሞ 17፣ 40 እና 12 ነው። ከቁጥሩ በኋላ 2 አር ኤስ የሚል ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን አለው፤ ዜድ ዜድ ከሆነ ክዳኑ ብረት ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ «የአይሱዙ ፓይለት ስጡኝ» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን ከነፊደሉ ጠይቅ፤ የአንድ ሞዴል መኪና እንኳ ከዓመት ዓመት ይለያል። አዲሱን ስታስገባ የውጩን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቱቦ እየመታህ አስገባው፤ የውስጡን ቀለበት ከመታህ ኳሶቹ መንገዳቸውን ያቆስሉታል፣ ኩሽኔታውም ገና ሳይሠራ ይጮኻል።

ጥያቄ፦ የአሮጌውን ዲስክ ሸራ ብቻ ማስቀየር ያዋጣል?

ለአጭር ጊዜ መኪና ለማንቀሳቀስ ካልሆነ አልመክርም። ሸራው አዲስ ቢሆንም በዲስኩ መሐል ያሉት የመንቀጥቀጥ መከላከያ ሞላዎች የላሉ፣ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተቱት ጥርሶችም የተበሉ ይሆናሉ፤ መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጠውም በዚህ የተነሣ ነው። አዲስ ዲስክ ይግዙ። ሸራው ተበልቶ እሱን ከያዙት ሪቬቶች ራስ ለመድረስ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የቀረው ዲስክ እንደ አለቀ የሚቆጠር መሆኑንም ይወቁ፤ ሪቬቱ ብረቱን ከነካ ቮላኖውን ይቦረቡረዋል።

ጥያቄ፦ ቮላኖውን ቶርኖ ቤት መውሰድ ግድ ነው?

ፊቱ ለስላሳ ሆኖ በጥፍር ሲዳሰስ የማይይዝ ከሆነ በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት ማሻሸት ይበቃል። ቦይ ከሠራ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከታዩበት ይላጥ። ጥልቅ ስንጥቅ ካለው ግን መላጥ አያድነውም፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚፈነዳ ቮላኖ ሰው ይገድላልና ይቀየር። ለላጩ ባለሙያ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ከንፈር ከሸራው ፊት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ከሁለቱም ላይ እኩል መላጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመጫኛው ኃይል ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አሰርን፤ ካምቢዮው ግን ጥቂት ጣት ሲቀረው አልገባ አለ። በቡሎን ስበን እናስገባው?

በፍጹም አታድርጉት። ቡሎን ካምቢዮ የሚያስር እንጂ የሚስብ አይደለም፤ ብትስቡበት የካምቢዮው ሽፋን ይሰነጠቃል ወይም የዲስኩ እምብርት ይጣመማል። አልገባ ያለው ዲስኩ መሐል ላይ ስላልተቀመጠ ነው። የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች አላሉና ማስተካከያ ዘንግ፣ ከሌለም ለዚያው ካምቢዮ የሚሆን አሮጌ የመግቢያ ዘንግ በዲስኩ አልፎ እስከ ፓይለቱ ድረስ ገብቶ መቀመጡን አረጋግጡ። ከዚያ ቡሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ፣ እያንዳንዱን በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ካምቢዮው በክሪክ ከሞተሩ ጋር በእኩል ደረጃ ይሁን። ከሁሉ በላይ፣ ዘንጉ ገብቶ ቡሎኖቹ ሳይታሰሩ ካምቢዮውን ለቅጽበት እንኳ በዲስኩ ላይ እንዳትሰቅሉት፤ ያ ክብደት እምብርቱን ያጣምመዋል፣ ፍሪሲዮኑም ከዚያ በኋላ በትክክል አይለይም።

ጥያቄ፦ አዲስ ፍሪሲዮን ከገባ በኋላ ማርሽ አልገባ ብሏል።

በመጀመሪያ በመስመሩ ያለውን አየር አስወጡ፤ ብዙውን ጊዜ ያ ብቻ ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚጨመረው የፍሬን ዘይት ሲሆን፣ የሞተር ዘይት ከገባበት በማስተሩና በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን የማጠንፈፊያ ጎማዎች ያሳብጣል። ካልተስተካከለ ሪሊዙን የሚገፋውን ሹካ መቀመጫ ተመልከቱ። ከዚያም በኋላ ካልሆነ ዲስኩ ተገልብጦ ገብቷል ወይም እምብርቱ ተጣሟል ማለት ነውና ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ዲስኩ ላይ በቮላኖው በኩል የሚውለው ፊት አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎበታል፤ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ሰው ቢያነበው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የዲስኩና የዘንጉ ጥርሶች ግራሶ ይቀባሉ?

በጣም በስሱ፣ ጨርቅ ላይ ተጠርጎ የቀረው ያህል። የተረፈው ሲዞር ተፈናጥሮ ሸራው ላይ ይወድቃል። በሁለት ጎኑ የተከደነ ፓይለት ግን ምንም አይጨመርበትም።

ጥያቄ፦ የበፊቱ ዲስክ በዘይት ርሶ ነበር። አዲሱም እንዳይርስ ምን ላድርግ?

ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ ዲስክ ማሰር ገንዘብን ውኃ ላይ መጣል ነው። የሚወርደው ዘይት ወፍራምና የካምቢዮ ዘይት ሽታ ያለው ከሆነ የመግቢያ ዘንጉ «ኦይል ሲል» (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው፤ የጠቆረ የሞተር ዘይት ከሆነ ደግሞ የክራንክሻፍቱ የኋላ «ኦይል ሲል» ነው። ሁለቱንም በዚሁ አጋጣሚ ቀይሯቸው። የቮላኖውንና የፕሬዠር ፕሌቱን ፊት በናፍጣ ማጠብ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ናፍጣ የማይታይ የቅባት ሽፋን ስለሚተው አዲሱን ሸራ ያበላሸዋል። የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽና ንጹሕ ጨርቅ ተጠቀሙ። በውስጡ የተጠራቀመውንም ትቢያ በኮምፕረሰር አትንፉት። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ትቢያው ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነው። በውኃ አርሳችሁ ጥረጉት፤ በአጠገባችሁ የሚሠሩትን ልጆች ጤና አስቡ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ፍሪሲዮን እንዲቆይ ሾፌሩ ምን ያድርግ?

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትር ያህል ሸራውና ቮላኖው እስኪላመዱ ድረስ ከባድ ጭነት አይጫንበት፣ ዳገት ላይም አይጨናነቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእግር ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ሾፌሩም ይህን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይነሣል። ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ባለው ዳገት ላይ መብራት ሲይዝ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሾፌር በየቀኑ አያለሁ፤ ያ አንድ ደቂቃ ሸራውን ከረዥም ሜዳ ጉዞ ይበልጥ ይበላዋል። በዳገት ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ለመነሣት ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ፣ መኪናው ሲከብድ ፍሬኑ ይፈታ። በጉዞ ላይ ደግሞ ግራ እግር ከፔዳሉ ወርዶ ወለሉ ላይ ይረፍ፤ እግር ያረፈበት ፔዳል ሪሊዙን ሳያቋርጥ ያዞረዋል።