አንትሮፖሎጂ ልማር፣ የት ልግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ከአዘዞ ነው የምጽፍላችሁ። ዘንድሮ 12ኛን በሶሻል ጨርሻለሁ፣ አንትሮፖሎጂ ነው መማር የምፈልገው ግን አባቴ ሕግ ግቢ ይሉኛል፣ ጓደኞቼ ደሞ አዲስ አበባ ካልሆነ ይቅርብሽ ይላሉ። እዚሁ ጎንደር ብማር ይጎዳኛል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኧረ ምንም አይጎዳሽም። ብቻ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ፍሬሽማን ላይ ከገባሽ በኋላ በውጤትሽ ስለሆነ የምትሞዪው ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ እንዳለው መጀመሪያ አጣሪ፣ ያለበለዚያ ሌላ ነገር ተምረሽ ነው የምትወጪው። ፍሬሽማን ላይ ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የሶሻል አንትሮፖሎጂ (የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው ትምህርት) ኮርስ አለ፣ ሞጁሉን ከቀደሙሽ ልጆች ተቀብለሽ ክረምቱን አንብቢው፣ ስለ ሽምግልናና ባህላዊ ዳኝነት የሚያወራውን ክፍል ደሞ ለአባትሽ አሳያቸው፣ ከሕግ ብዙም እንዳልራቅሽ ያዩታል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየሙ ስድስት ኪሎ የድሮው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱም እዛው ግቢ ነው ያለው፣ እንደሱ ያለ ክምችት ሌላ ቦታ አታገኚም። ግን አንትሮፖሎጂ ዋናው ፊልድ ወርክ ነው፣ ሰው መሀል ቁጭ ብሎ ማየት መስማት መጻፍ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሶሻል አንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፣ ፊልዱ ደሞ ደጅሽ ላይ ነው፦ ጥምቀቱ፣ ቅዳሜ ገበያው፣ እድሩ፣ የወለቃ ሸክላ። ፈረንሳዮቹ የባህል አጥኚዎች እነ ማርሴል ግሪዮልና ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. አፍሪካን አቋርጠው መጥተው ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጠው ዛር አጥንተዋል፣ ሲሄዱ ደሞ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፓሪስ ይዘው ሄዱ። እኔን ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ የአገሩ ልጅ ተምሮ ራሱ ቢጽፈው ነው የምመኘው።

የትም ብትገቢ ግን ከዛ ግቢ የተመረቁ ልጆችን ፈልጊና የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አሳዩኝ በያቸው። ማን ምን እንዳለ፣ የት ቁጭ ብለው እንዳወሩ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ ተጽፎ ካገኘሽ ትምህርት ክፍሉ ልጆቹን ፊልድ እያወጣ ነው። ገጹ ሁሉ የፐርሰንት ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ መጠይቅ በትነው ሰብስበው ነው የገቡት፣ እንደዛ ከሆነ ስሙ ቢገንንም ተጠራጠሪ። አማካሪያቸው ስንቴ እንዳገኛቸውም ጠይቂ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ሳያልፉ መመረቅ የለም፣ ስለዚህ ያለፈው ባች በፈተናው እንዴት እንደሆነም መጠየቅ አትርሺ።

እኔን ካልሽኝ ለዲግሪው ጎንደር፣ ለማስተርሱ ስድስት ኪሎ። አዲስ አበባ ካልሽም ግን የራሱ መግቢያ ፈተና ስላለው ከአሁኑ ተዘጋጂ።