ቢቸና ስገባ ጆርናሉ ይዘጋብኛል

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በነፃ የምከፍተው የምርምር ጆርናል፣ ቢቸና ቤተሰብ ጋ ስሄድ ክፈይ ይለኛል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሳታሚው የሚለይሽ በስምሽ ሳይሆን በግቢው የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) ነው። በሞባይል ዳታ ስትገቢ እንግዳ ትሆኚበታለሽ። ቤተ መጻሕፍትሽ እንደ ኢዚፕሮክሲ ያለ ፕሮክሲ እንዳለው ጠይቂ። በተማሪነት መለያሽ ትገቢያለሽ፤ ፕሮክሲው መሃል ሆኖ በግቢው አድራሻ ገጹን ያመጣልሻል። ከሌለው ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ጠይቂ፤ በታዳጊ አገሮች ላሉ ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የጤና ጆርናሎች ያሉበት ሂናሪና የግብርናዎቹ ያሉበት አጎራ እዚያ ውስጥ ናቸው።

አደራ፣ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰው በተዋሰው መለያ ጽሑፍ በጅምላ አወረደ። አሳታሚው መላውን ግቢ ዘጋብን። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን ነበር። የልጆቹን ጭንቀት ሳይ እንቅልፍ አጣሁ።