ንጉሥ ሚካኤል የተጠመቁት ለሥልጣን ነው?

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ሃይማኖታቸውን የለወጡት ለሥልጣን ብለው እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ይህን ክርክር እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉት ተጠምቀው ነው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ። አፄ ዮሐንስ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ፣ እምቢ ያለ ሹመቱን እንዲለቅ አዝዘው ነበር። ስለዚህ «ለሥልጣን» ማለት ሐሰት አይደለም፤ ግዳጁን ግን ይሸፍናል። እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት የወሎ የእስልምና መምህራን ደግሞ አሻፈረን ብለው አምፀዋል፤ ወቀሳው የሚከብደውም ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ነው።

የሹመቱን ዝርዝር ልለፈው። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፣ ዓድዋ ዘመቱ፣ በ1906 ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የወሎና የትግሬ ንጉሥ አደረጓቸው። አባት በልጁ ፈቃድ ሲነግሥ እንግዲህ አስበው!

እኔን የሚቆጨኝ የሰገሌ ጦርነት ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ሲሻሩ ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል ቀናቸው፤ የሸዋው ጦር አዛዥ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ወዲያው ወደ አዲስ አበባ መገስገስ ሲገባቸው ዘገዩ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም በግዞት እንዳሉ ሞቱ።