ተኝቶ ስለሚገኝ ብር፣ ማንም ስለማያነበው ኒውስሌተርና ስለ ስልክ ደብተር

የአንባቢዎች ጥያቄና የእታለም መልስ

ጥያቄ፦ እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ደሞዜ ወር አያደርሰኝም። አንዱ ጓደኛዬ «አምስት ሺህ ብር አስገባና በየቀኑ ቪዲዮ ላይክ እያደረግህ ትሰበስባለህ፤ ሰው ስታመጣም ኮሚሽን አለው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ቴሌግራም ቻናል ክፈት፣ ተኝተህ ይገባልሃል» ይላል። ይሄ ፓሲቭ ኢንካም የሚሉት ነገር እውነት አለ ወይ?
መምህሩ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ መምህር፣ የመጀመሪያው አጭር ነው። አታስገባ።

ላይክ ስላደረግህ ብር የሚከፍልህ የለም። የሚደርስህ ከአንተ በኋላ የገባው ሰው ያስገባው ገንዘብ ነው። የሚገባ ሰው ሲያልቅ አፑም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥሩ አድርገው ይከፍሉሃል። እሱ ነው ወጥመዱ፤ አንተም ደስ ብሎህ ወንድምህን ታስገባለህ። እንዲህ ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ የሚሄደው የፒራሚድ ሽያጭ ይባላል፤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ዳንግላ ላይ ሰው አስገብተህ ገንዘቡ ሲበላ ምን እንደሚከተል አንተው ታውቀዋለህ። ዕድሩ አንድ፣ ማኅበሩ አንድ፣ ገበያው አንድ!

የቴሌግራሙ ነገር ግን ውሸት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ያለው ቻናል ላይ ማስታወቂያ ከታየ ቴሌግራም የገቢውን ግማሽ ለባለቤቱ ይሰጣል። ማስታወቂያ ካልታየ ምንም የለም። ክፍያው ደግሞ ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ብቻ ባለ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የልጅ ወተት መግዣ በዚህ ላይ አይታሰብም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እጅህ ላይ ያለውን ትተህ ነው ይህን ሁሉ የምትፈልገው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ2015 ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጁ ሁሉ አስጠኚ ፍለጋ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ተማሪው ኤሌክትሮስታቲክስ ላይ ምልክቱን የት ጋ እንደሚስት፣ ግጭት ያለበትን ተዳፋት ሲሠራ የትኛውን ኃይል እንደሚረሳ በየዓመቱ ፈተና ስታርም ታየዋለህ። እሱን ጻፈው። ስህተቱን ከነአሠራሩ አስቀምጥ፣ ከጎኑ ትክክለኛውን አሳይ፣ በስልክህ ድምፅህን ቅዳበት። ከአንድ ምዕራፍ አትለፍ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነፃ ልቀቀው፣ የቀሩትን በቴሌብር ሽጥ።

አሁን «ተኝቶ» የሚለው ላይ እንምጣ። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ማድረግንና ሴቭ ማድረግን መከልከል ትችላለህ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳውን ግን ማን ይከለክለዋል? መጽሐፍ ሲቀየር ፋይሉም ይቀየራል። ያልገባው ልጅ ሌሊት በአምስት ሰዓት «ቲቸር» ብሎ ይጽፍልሃል። ኔት ሲጠፋ ገቢውም አብሮ ይጠፋል። በ2015 መጨረሻ ዳታ ተቋርጦብን ስንት ወር እንደቆየን የሚረሳ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ነው አንድ የታተመ ቅጂ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ስጠው የምልህ። ከእያንዳንዱ ኮፒ ድርሻ ተስማሙ፣ ሒሳቡን በየሳምንቱ ተቀበል። ከሁሉም በላይ ተኝተህ የሚገባልህ ምናልባት ይሄኛው ነው። የራስህን ክፍል ተማሪዎች ግን አታስከፍል። ወሬው ርእሰ መምህሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወላጅ ጋ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እታለም፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሽያጭ ክፍል ነው የምሠራው። ሥራ አስኪያጃችን ለደንበኞች በየወሩ የሚላክ አጭር የዜና ጽሑፍ፣ ኒውስሌተር፣ አዘጋጂ አሉኝ። ሁለት አወጣሁ። የሥራ አስኪያጁ መልእክት፣ የሴቶች ቀን አከባበር፣ ፎቶ፣ ሁሉም አለው። ያነበበው ሰው የለም። ዳቦ ቤቶቹ ሲደውሉ «ዋጋ ቀነሰ ወይ?» ነው የሚሉኝ። ምን ልጻፍላቸው? ደግሞስ ይህን ሥራ ለሌላ ድርጅት ብሠራው ገቢ ይሆነኛል?
አንባቢሽ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህቴ፣ ዳቦ ጋጋሪ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ነው ሊጥ የሚያቦካው። ያንቺ ሥራ አስኪያጅ ኬክ ሲቆርሱ የተነሱትን ፎቶ ምን ያድርገው?

ጆን ዲር የሚባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ ከ1895 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ለገበሬ የሚሆን መጽሔት ያሳትማል። ማረሻ ይሸጣል፤ መጽሔቱ ላይ ግን ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ከብት ይጽፋል። እስካሁን አልተቋረጠም። ሚሽሊንም ጎማ እየሸጠ በ1900 ለሹፌሮች ነፃ መመሪያ አሳተመ፤ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንዳለ፣ የት እንደሚታደር። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ብቻ ቢያወሩ ኖሮ ወረቀቱ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይቀር ነበር።

ያንቺም ጽሑፍ ያለው ስልኩ ላይ ነው። ደብተር ያዢና ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ በራሱ አፍ ጻፊው። «ዱቄቱ ውሃ በዛበት»፣ «ዳቦዬ ተሰነጠቀ»፣ «መኪናው መቼ ይመጣል?»። ካሸሯንና መጋዘን ያለውን ሰውዬም ጠይቂ፤ ቅሬታው መጀመሪያ እነሱ ጋ ነው የሚደርሰው። በወሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ጥያቄ የኒውስሌተርሽ ርእስ ነው። አንድ ርእስ ይበቃል።

እስቲ ላሳይሽ። የእናንተ የድሮው እንዲህ ይላል፦

«ድርጅታችን የዘንድሮውን የሴቶች ቀን ከፍተኛ አመራሮችና ሠራተኞች በተገኙበት በደማቅ ሥነ ሥርዓት አከበረ።»

በዚህ ቀይሪው፦

«ከሰኞ ጀምሮ የሚደርሳችሁ ዱቄት ከጠንካራ ስንዴ የተፈጨ ነው። ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ሊጡ ከደረቀባችሁ እርሾ አትጨምሩ፤ ውሃውን ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ እዩት። ሰሞኑን ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ሊጡ ለመነሳት ይዘገያል፤ ለብ ባለ ውሃ አቡኩት። ከረጢቱን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ እርጥበት ይስባል። እንጨት ላይ ደርድሩት፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።»

ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጋጋሪው ግን አንድ ቡኮ ዳቦ ያድንበታል። እኔ የጻፍኩትን እንዳለ እንዳትገለብጪ ብቻ። የእናንተ ስንዴ በዚያ ወር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው ጥራት ክፍል ያለው ባለሙያ ነው። እሱ አይቶ ሳያጸድቀው አንድ መስመር አይውጣ። የተሳሳተ የውሃ ምክር ሰጥተሽ ሃያ ዳቦ ቤት ቢያበላሽ ማንም ዳግመኛ አይከፍትልሽም።

ዋጋ ላይ አትሽኮርመሚ። የሚጨምር ከሆነ ከመጨመሩ በፊት ንገሪያቸው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና በኩንታል ስንት እንደሆነ ግልጽ አድርጊው። ጋጋሪው ይናደዳል፣ ግን ይዘጋጃል። መኪና አውራጅ ፊት ቆሞ ሲሰማው ነው የሚጣላሽ። «በነባራዊው የገበያ ሁኔታ ምክንያት የዋጋ ማስተካከያ ተደርጓል» የሚለውን ደግሞ ለባንክ ተይላቸው።

አላላኩ ላይ ብዙ አልልሽም። ቴሌግራም ለያዘ በቴሌግራም፤ ለሌላው አንድ ገጽ አሳትመሽ ዱቄት በሚያደርሰው አይሱዙ ላኪለት። ሾፌሩ ከደረሰኙ ጋር ይሰጠዋል፣ እነሱም ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ቴሌግራም ላይ ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይታይሻል፤ እኔ ግን የማምነው ስልኩን ነው። ስለ ውሃ የሚጠይቁት ካቆሙ ተነቧል።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ ፎቶውን ጨርሰሽ አታውጪ፤ እንጀራሽ እኮ ነው! ከታች በትንሹ አድርጊላቸው፣ ከሥሩም የሳቸው ስም ያለበት አንድ ጠቃሚ ነገር ይግባ። ለምሳሌ ቅሬታ ያለው በየትኛው ቀን ቢመጣ በግንባር እንደሚያነጋግሩት። ደስ ይላቸዋል፤ ደንበኛውም ይጠቀማል።

ለሌላ መሥራቱ ገቢ ይሆናል። ምርጥ ዘር የሚሸጥ፣ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ፣ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል፣ ሁሉም ደንበኛው የሚደጋግመው ጥያቄ አለው፤ ቁጭ ብሎ የሚጽፍለት ግን የለውም። በወር በቁርጥ ተስማሚ፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበይ። ሌላ ዱቄት ፋብሪካ ጋ ግን አትሂጂ፤ ለአለቃሽም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ፓሲቭ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ በየወሩ እንደገና ደብተር ይዘሽ ስልክ ሥር መቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቡሬ በርበሬ እነግዳለሁ። የደንበኞቼ ስልክ ሁሉ ደብተሬ ላይ አለ። አንድ ወጣት «ዝርዝሩን ይሽጡልኝና ማስታወቂያ ልላክበት፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ያገኛሉ» አለኝ። ልሽጥለት?
ከቡሬ

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። አይሽጡለት። ደንበኛው ቁጥሩን የሰጠዎት በርበሬ ሲመጣ እንዲነግሩት ነው። ሳይፈቅድ ለሌላ ማስተላለፍ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው።

ይልቅ ደብተሩን እርስዎ ይጠቀሙበት። ልጆችዎ ስልክ ላይ ይጻፉልዎት። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፤ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥረው ወደ ጉዳዩ ይግቡ፦

«የቡሬ ዛላ በርበሬ ገብቷል። ደርቋል፣ ተለቅሟል። እስከ ቅዳሜ ሱቅ አለሁ።»

ከኋላው ስምዎን ቢጨምሩበት እንኳ 70 አይሞላም። ያልደረቀውን ግን ደርቋል እንዳይሉ፤ እርጥብ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፣ ገዢውም ቁጥርዎን ይዟል። ደግሞ በየቀኑ አይላኩ። አዲስ ጭነት ሲገባ ወይም ዋጋ ሲለወጥ ይበቃል። «አትላኩልኝ» ያለዎትን ሰው ስም በዚያው ቀን ከደብተሩ ላይ ይሰርዙት።